የዘጌን ጫካ በእግር ለማየት ምን ማወቅ አለባችሁ

ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ፣ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ከጀልባ ላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ከዋንዛው ሥር ቡና አለ፣ ከቡናው ጎን ጌሾ አለ፣ ከጌሾው ጀርባ ደግሞ የሰው ቤት አለ። ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ወይ የገበሬ ነው፣ ወይ የገዳም። እዚያ በእግር መሄድ ማለት በሰው ጓሮ ማለፍ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጫካው እስከ ዛሬ የቆየበትን ምክንያት ቀድማችሁ ብታውቁ ጥሩ ነው። እንደ አካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ሲመጡ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጣቸው፤ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ መሬቱን እንዳያርስና በሬ እንዳይጠምድ ተገዘተ። ስለዚህ የዘጌ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቡናና ጌሾ ሸጦ እህል ይገዛል። ጤፉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ማረሻ ያልገባበት መሬት ደግሞ ዛፉን አያጣም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የዘጌው ግዝት ግን ከዩኔስኮ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

1. ቀኑን በዝናብና በታቦት ምረጡ

ክረምት ላይ አትሂዱ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዛፉ ፀሐይ ስለማያስገባ ጭቃው ቶሎ አይደርቅም። የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

ቀጥሎ ታቦቱን አስቡ። ወር በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ነው። በዘጌ ሦስቱም ገዳም አላቸው፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሃል ዘጌ ጊዮርጊስ። የመንደሩን ሰው ተሰብስቦ ማየት ከፈለጋችሁ በእነዚህ ቀናት ሂዱ፤ የካቲት 16 ደግሞ ዓመታዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። ሥዕሎቹን በጸጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ተራ ቀን ይሻላል። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ቤተ ክርስቲያኑን ጠዋት ጠዋት ጨርሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባሕር ዳር ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ። ይህን ማንም እንዳያሳልፍ።

2. ቦርሳውን አታክብዱ

የሚይዝ ሶል ያለው፣ ለማውለቅና ለማድረግ የማያስቸግር ጫማ አድርጉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ትፈቱታላችሁና። ነጠላ ለሁሉም፣ ለሴቶች ደግሞ ረዘም ያለ ቀሚስ። ውሃ። ዝርዝር ብር በርከት አድርጋችሁ ያዙ፤ መግቢያው በየገዳሙ ለየብቻ ነው የሚከፈለው፣ ሁለት መቶ ብር መንዝር የምትሉት ሰውም ላታገኙ ትችላላችሁ።

ለገዳሙ ጧፍ ወይም ዕጣን፣ ለሰው ቤት ስኳር ብትይዙ አይከፋም። ቡና ግን አትያዙ። ዘጌ ቡና ይዞ የሚሄድ እንግዳ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

3. በጠዋት ተሻገሩ

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እንደ ጀልባው ፍጥነት ያንሳልም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ ይንጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መነሳት የሚባለው ለዚህ ነው። ዋጋውን፣ የመመለሻ ሰዓቱንና ስንት ቦታ እንደሚያቆም ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ልበሱት፣ አትቀመጡበት። በየብስም መንገድ አለ፤ እሱ አፋፍ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ያደርሳል፣ ከዚያ በእግር ወደ ገዳማቱ ይገባል።

መንገድ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ካያችሁ ባለ ጀልባው ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሩት። የሞተር ማዕበል ታንኳ ያናውጣል።

4. በጫካው ውስጥ እንዴት ይኬዳል

ከወደቡ የአካባቢው አስጎብኚ ያዙ። መንገዱ ጠፍቷችሁ አትቀሩም፣ ግን የትኛው ቀጭን መንገድ የሕዝብ፣ የትኛው የሰው ግቢ መግቢያ እንደሆነ እሱ ነው የሚለየው። ከወደቡ ወደ ኡራ በሚወስደው ዳገት ግራና ቀኝ የእጅ ሥራ ሻጮች አሉ፤ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀል፣ ብራና ላይ የተሳለ ሥዕል። ካልገዛችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። «ስንመለስ እናያለን» ካላችሁም በእውነት ተመለሱ፤ ልጆቹ ፊት አይረሱም።

ሻጮቹን ካለፋችሁ በኋላ ነው ጫካው የሚጀምረው። ቀስ በሉ። ከላይ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ብርብራ ጥላ ያጠላሉ፣ ከሥር ቡናው በጥላው ያድጋል። ብርብራን አስጎብኚው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያፈዛል፤ የድሮ አጥማጆች ዘዴ ነው። ጦጣዎቹ ቦርሳ ያያሉ፣ ምግብ አታሳዩ።

ቡና የመልቀሚያ ወር ከሆነ በየደጁ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቡና ታያላችሁ። አንዳንዱ ገና ቀይ ነው፣ አንዳንዱ ጠቁሮ ተጨማዷል። ባለቤቷ በእግሯ ጣት መስመር እያወጣች ታገላብጠዋለች፤ ከታች ያለው እንዳይሻግት ነው። በላዩ አትራመዱ። ዛፍ ላይ ያለውንም አትቀንጥሱ። አንድ ፍሬ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ የሰው ደሞዝ ናት።

ሰላምታ አትዝለሉ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ «በርቱ፣ እግዜር ያበርታችሁ» በሉ። ምግብ ላይ ካገኛችኋቸው «እንብላ» ማለታቸው አይቀርም፤ መቀመጥ ካልቻላችሁ ቆም ብላችሁ መርቁና እለፉ። አሮጊቷን «እማማ»፣ መነኩሴውን «አባ»፣ ቄሱን «መምሬ» በሉ። አኮፋዳ ያነገተ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ካለ እየቀረጻችሁት አትቁሙ፤ ትምህርቱ ላይ ነው። ካላችሁ ስጡት፣ ከሌላችሁ «እግዜር ይስጥህ» በሉት። ፎቶ ለማንሳት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ሞባይሉን ኪስ ክተቱ።

5. ኡራ ኪዳነ ምሕረት ላይ ጊዜ ስጡ

ሁሉንም ገዳም በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። እኔን ብትሰሙ አዝዋ ማርያምንና ኡራን ብቻ ያዙ። ሁለቱም ሴቶችን ያስገባሉ፤ በጣና ላይ ይህ የማይፈቀድባቸው ገዳማት ስላሉ ማወቁ ይጠቅማል።

ኡራ ክብ ነው። መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሃል ላይ መቅደሱ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ከሁሉ በፊት በላዔ ሰብእን ፈልጉ። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች፤ በአንዱ በኩል የበላቸው ሰዎች፣ በሌላው ያች ጥርኝ ውሃ። ውሃዋ ሚዛኑን ደፋች። ታሪኩን ብታውቁትም አባን ጠይቁና እሳቸው ይንገሯችሁ፤ በዱላቸው ሚዛኑን እያመለከቱ ሲተርኩት ሌላ ነው። ፍላሽ አትጠቀሙ። ግድግዳውን በእጅ አትንኩ።

6. ቡና ጠጡ ከተባላችሁ

ትጠራላችሁ። ከተጠራችሁ ሰዓት እንዳላችሁ አስቡና ነው መግባት ያለባችሁ፤ አቦል ጠጥቶ መውጣት ነውር ባይሆንም ቅር ያሰኛል። ቶና ድረስ ተቀመጡ። እስከ በረካ ከቆያችሁ ደግሞ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ትሰማላችሁ፦ የዘንድሮ ቡና እንዴት እንደያዘ፣ እድሩ ማንን እንደቀጣ፣ የሰንበቴው ተራ ማን ጋ እንደደረሰ። ሰንበቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚበላበትና የሚጠጣበት ማኅበር ነው፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ ያቀርባል። እግራችሁ እሑድ ከጣላችሁ ቁራሽ ሳትቀምሱ አትለቀቁም። ጠላው የዘጌ ጌሾ ነውና እየቀመሳችሁ፤ ዳገቱን መውረድ አለባችሁ።

ለቡናው ገንዘብ አታውጡ። ስኳሩን ለልጅ ወይም ለቤቱ እመቤት በእጅ ስጡ።

7. ቡና ግዙና ተመለሱ

ገንዘባችሁ መንደሩ ውስጥ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ከባለ ጓሮው ቡና ግዙ። ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል፤ ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል፣ ወይም የተቀሸረው። ጀንፈሉን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፣ ደረቅ ከሆነ ውስጡ ይንኳኳል። የተቀሸረውን በጥርስ ንከሱት። ጥርስ ካተመበት ገና እርጥብ ነው፣ ተዉት። ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ፤ ባሕር ዳር ስንት እንደሚሸጥ ጠዋት ጠይቃችሁ መምጣት ነው ያለባችሁ።

ጀልባው ጋ ከቀጠሮው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ነፋሱ እናንተን አይጠብቅም። ቤት ስትገቡ ቡናውን በፌስታል አስራችሁ አታስቀምጡ፤ በጨርቅ ከረጢት ወይም በጆንያ ይሁን። ጀንፈል ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመቱትና ለአንድ ቁሌት የሚበቃውን ብቻ በሙቀጫ እየወቀጣችሁ፣ በሰፌድ እያነፈሳችሁ ተጠቀሙ። የቀረው ከነልብሱ ይቆይ።