ሸክላ ሠሪዋና የሚንተባተበው ልጅ፦ የ3 ደቂቃ የጭቃ አኒሜሽን በቤት ውስጥ አሠራር

የጭቃ አኒሜሽን የጭቃ አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ አንሥቶ፣ ፎቶዎቹን አከታትሎ በማጫወት የሚሠራ ፊልም ነው። ይህ መመሪያ አንድ ስልክ፣ አንድ ጠረጴዛና በሩ የሚዘጋ ክፍል ላላቸው ሁለት ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አንዱ አሻንጉሊቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ስልኩ አጠገብ ሆኖ ፎቶ ያነሣል፣ ይቆጥራልም። ብቻውን የሚሠራ ሰውም አይከለከልም፤ ግን ቆጠራው ይጠፋበታል። ቆጠራው ከጠፋ ደግሞ አንዱ እጅ ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ሌላው ይረሳል።

ለልምምድ የምንጠቀምበት ታሪክ ይህ ነው። ደሴ ዳር ላይ የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች፤ ጎረቤቱ «ቡዳ ናት» ብሎ ልጆቹን ይሸሽግባታል። ኮምቦልቻ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ቃሉ አልወጣ ስለሚለው መናገሩን የተወ ልጅ አለ። እናቱ በገዛችው ጀበና ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጭቃ ወፍ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በሚኒባስ ረዳት እጅ ዕቃ ይላላካሉ። እሷ ወፍ፣ እሱ ቁልፍ፤ እሷ ስንዝር የማትሞላ ምጣድ፣ እሱ ከጣሳ የተሠራ መኪና። ሁለቱም አይናገሩም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ከንፈርን ከድምፅ ማስማማት የጀማሪን ፊልም ከሁሉ በላይ የሚገድለው ሥራ ስለሆነ ታሪኩ ራሱ ከእሱ ያሳርፋችኋል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይሮጣል፤ የጭቃ አኒሜሽን ግን እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቴ በማሳየት በ12 ይበቃዋል። 3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፣ በ12 ሲባዛ 2,160 ፎቶ። ሁለት ሰዎች በአንድ ምሽት 120 ፎቶ ካነሡ 18 ምሽት ይፈጃል። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ ታሪኩን ወደ 90 ሰከንድ አሳጥሩት እንጂ በሰከንድ የሚነሣውን ፎቶ ወደ 6 አታውርዱ። በ6 እጅ ይዘላል፣ ዓይን ይጠፋል።

ከሸክላ ገበያ የሚገኝ በውኃ የተቦካ ጭቃ ለዚህ አይሆንም። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ በማግሥቱ ክርንና ጉልበት ላይ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። የሚያስፈልገው በዘይት የተቦካ፣ የማይደርቅ ጭቃ ነው። የልጆች ፕላስቲሲን ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ ለሁለት አሻንጉሊት ከ600 እስከ 800 ግራም ይበቃል። ካላገኛችሁ ከንጹሕ ሰም፣ ከቫዝሊንና ከደቀቀ የሸክላ አፈር ይሠራል። መነሻው 200 ግራም ሰም፣ 200 ግራም ቫዝሊንና 700 ግራም አፈር ነው። አፈሩ በደንብ የደረቀና በናይለን ወንፊት የተነፋ ይሁን፤ እርጥበት ከቀረው ትኩስ ሰም ውስጥ ሲገባ ይፈላል፣ ይረጫል። ሰሙንና ቫዝሊኑን በድስት ውስጥ ባስቀመጣችሁት ሌላ ዕቃ፣ በፈላ ውኃ ላይ አቅልጡ። ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና ከዚያ በላይ ሙቀት አያስፈልገውም፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይቀጣጠላል። ከእሳት አውርዳችሁ አፈሩን በማንኪያ እየጨመራችሁ እንደ ገንፎ አማስሉት፣ ሲበርድ በእጅ እሹት። ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ቫዝሊን፣ እጅ ላይ ከተለጠፈ አፈር ይጨመርለታል። አፈር ከአፈር ስለሚለያይ መጀመሪያ 50 ግራም ያህል ሠርታችሁ ሞክሩ።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ጭቃው ይህን ልዩነት ከሰው ቀድሞ ያውቃል። ደሴ ላይ በጠዋት ድንጋይ ይሆንና ጣት ሲታጠፍ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ከሥራ በፊት ለብ ያለ ውኃ ከያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ጋር በጨርቅ ጠቅልሉት። ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው ቀትር ላይ፣ በተለይ የመብራት ሙቀት ሲጨመርበት፣ የተዘረጋ እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ፎቶውን ስታጫውቱት ሰውየው ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ሥሩ፤ አሻንጉሊቱን በየመሐሉ 10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አሳርፉ፣ ሲወጣ የሚያልበውን ውኃ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ። በሁለቱ ከተሞች ተከፋፍላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቫዝሊኑን ለደሴው ጨመር፣ ለኮምቦልቻው ቀነስ አድርጉ።

አጽሙ የሚሠራው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አጥፋችሁ በፒንሳ ግመዱ። ለፌሮ ማሰሪያ የሚሸጠው ጥቁር ሽቦ ያጠፋችሁትን መልሶ ይዘረጋል። ከመብራት ገመድ የሚወጣው መዳብ መጀመሪያ ልስልስ ነው፤ ግን በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ሁልጊዜ ትዕይንቱ መሐል ነው። ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ጭቃ አታድርጉት፦ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ድቡልቡል ወደ 50 ግራም ስለሚመዝን አንገት አይችለውም። በፎይል ጠቅጥቃችሁ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ጭቃ ብቻ አልብሱት። አጥንቶቹ ጭቃ እንዲይዙ ናስትሮ ጠምጥሙባቸው፤ መገጣጠሚያዎቹን ግን ባዶ ተዉ።

እግር ሥር አንድ አንድ ባለ 4 ሚሊ ዳዶ በጠንካራ ማጣበቂያ አስሩ። ወለሉ የተበሳ ኮምፔንሳቶ ይሆንና ብሎኑ ከታች እየገባ እግሩን ይይዛል። ይህ ሳይኖር አሻንጉሊት ይቆማል እንጂ አይራመድም። ለእርምጃ ልጁ በ6 ፎቶ፣ ሴትዮዋ በ9 ፎቶ አንድ እግር ታንሣ። ሁለቱም በ6 ከሄዱ ዕድሜያቸው እኩል ይሆናል፤ ነጭ ጸጉር ብትለጥፉላትም አይረዳም።

ለዓይን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጭ ጨሌ ግዙ። ቀዳዳው ራሱ ብሌን ነው፦ መርፌ አስገብታችሁ በማዞር ፊቱን ሳትነኩ ወደፈለጋችሁበት እንዲያይ ታደርጉታላችሁ። የዓይኑ ቆብ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ጭቃ ነው፤ በየመጠኑ ሦስት ጥንድ አዘጋጁ። ዓይን አንዴ ሲርገበገብ ግማሽ ዝግ 1 ፎቶ፣ ዝግ 2 ፎቶ፣ ግማሽ ክፍት 1 ፎቶ ይወስዳል። ጭቃ ከመንካታችሁ በፊት እጅ መታጠብ ግድ ነው፤ ከነጩ ጀምራችሁ ወደ ጥቁሩ ሂዱ፣ ተመልሳችሁ ነጩን አትንኩ።

መብራትና ስልክ። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ዝጉ፤ የደሴ ጉም በመጣና በሄደ ቁጥር የክፍሉ ብርሃን ይቀየራልና ፎቶዎቹ ሲጫወቱ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሁለት ኤልኢዲ አምፖል ተጠቀሙ፤ ሽፋኑ ላይ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ካለበት ማታ ምጣድ ሁሉ ሲጣድና ኃይሉ ሲወርድ ብርሃኑ አይደክምም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ግን ይደክማል። ስልኩን በብሎኬት ላይ በጭቃና በናስትሮ አጣብቁት፣ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ አንድ ጥሪ በንዝረቱ ብቻ የሁለት ሰዓት ሥራ ያበላሻል። ትኩረት፣ የብርሃን መጠንና የነጭ ሚዛን (የቀለሙ ቃና) ሦስቱም ይቆለፉ፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/25 ሰከንድ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከ1/25፣ 1/50 ወይም 1/100 ውጭ ስትሄዱ ምስሉ ላይ ጥላ የሚመስል መስመር ሊሄድ ይችላል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ባትሪ አልቆ ስልኩ ከጠፋ ቁልፎቹ ሁሉ ይፈታሉ። ስልኩን በእጅ ነክታችሁ ሳትገፉ ፎቶ ለማንሣት የጆሮ ማዳመጫ ገመድ የድምፅ ቁልፍ በብዙ ስልኮች ላይ ይሠራል። ሌላው የማይታሰብ ነገር ልብስ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ የሚሠራ ሰው በተጠጋና በራቀ ቁጥር አሻንጉሊቱ ፊት ላይ ብርሃን ያበራል። ብርድ ቢሆንም ጥቁር ልበሱ።

የጦሳን ተራራ በሦስት ድርብ ካርቶን ቆርጣችሁ በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር አራርቁት። ለጉሙ ጥጥ አትጠቀሙ፤ እስትንፋስ ያነቃንቀዋል። በድርቦቹ መሐል ስስ ፋሻ ወጥራችሁ ብትሰቅሉ ጉሙ በነፃ ይመጣል። ስለ ቀለም ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው በ2009 የወጣው የአውስትራሊያዊው አዳም ኤሊየት «ሜሪ ኤንድ ማክስ» ነው፦ የአንዷን ዓለም በቡናማ፣ የሌላውን በግራጫ ከፍሎ ቀይን ለጥቂት ነገሮች ብቻ አስቀርቷል። እሱን መቅዳት አያስፈልግም። የእኛ ሁለት ከተሞች የራሳቸው አላቸው፤ ደሴ ግራጫና እርጥብ አረንጓዴ፣ ኮምቦልቻ የአቧራ ቢጫ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚላከው ዕቃ ግን የላኪውን ከተማ ቀለም ይዞ ይሂድ። ቢጫዋ መኪና በግራጫው ቤት መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ቃል አያስፈልጋትም።

አሁን ከባዱ ነገር፣ ትወናው ነው። ሸክላ ሠሪዋ ቧንቧ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ጥለዋት እንዲሮጡ አታድርጉ፤ ሩጫ አስቂኝ ይሆናል። አንዷ እናት ብቻ እጇን በ8 ፎቶ ወደ ልጇ ትከሻ ታውርድና በ4 ፎቶ ወደ ጎኗ ትሳበው፣ ዓይኗ ባልዲው ላይ ይቅር። ሸክላ ሠሪዋም ይህን እንደለመደች ዓይኗን አንዴ ብቻ ታርገብግብ።

የልጁ መንተባተብ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጉታል፤ እኩል በሆነ ምት ሲደጋገም ስልኩ የተበላሸ ይመስላል፣ ተመልካችም ይስቅበታል። ቃል ሲይዝ ሰው ይጨነቃል እንጂ በእኩል ምት አይንቀጠቀጥም። አገጩ በ2 ፎቶ ወደፊት ይምጣ፣ 5 ፎቶ ይያዝ፣ ይመለስ፤ ቀጥሎ 3 ፎቶ ይያዝ፤ ሦስተኛው 9 ይሁን። ቆቡ በመጨረሻው ላይ ይዘጋ፣ ቀኝ እጁ የሱሪውን ስፌት ይጨብጥ። ቁጥሮቹ እኩል አለመሆናቸው ነው ሰው የሚያደርገው።

ዕቃ የሚከፍቱባቸው ትዕይንቶች ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ጥቅሉ ከተፈታ በኋላ ዕቃውን ከማንሣቱ በፊት 18 ፎቶ፣ ማለትም ሰከንድ ተኩል፣ ዝም ብሎ ይየው። ግን አንዱን ፎቶ 18 ጊዜ አትደርድሩት፤ ጭቃ ፈጽሞ ካልተነቃነቀ ወዲያው ይሞታል። ደረቱን በጣት ጫፍ በጥቂቱ ጫን እያላችሁ እስትንፋስ ስጡት፣ አንዴ ዓይኑን ያርገብግብ። እንባ አታድርጉ። ከፈለጋችሁ ጀርባዋን ለካሜራው ስጧትና ትከሻዋ ብቻ ይውረድ።

ድምፅ በመጨረሻ ይገባል። ስልኩን ጋቢ ሥር አድርጋችሁ የጀበና ክዳን፣ የፌስታል ኮሽታ፣ የሚኒባስ በር ቅዱ። በዜማ በኩል ወሎ የቅኝት ሀገር ነው፤ አራቱም፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እዚህ ይታወቃሉ። ትዝታን ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ አታስገቡ፤ ተመልካች ገና ሳይተዋወቃቸው «አልቅስ» ይባላል። ባቲ ለዕቃ መላላኩ ደስታ ይስማማል፤ አምባሰልን በአንድ ክራር ለመጨረሻው አቆዩ። የታወቀ ዘፈን ቀድቶ ከመለጠፍ የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ አንድ ደቂቃ ማስመታት ይሻላል።

የመጨረሻው ትዕይንት በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለው ዳገት፣ ሐረጎ ነው። ልጁ አድጎ ሊያገኛት ወደ ደሴ ይወጣል፤ እሷም ሳትነግረው ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ሁለቱ ሚኒባሶች መታጠፊያው ላይ ይተላለፋሉ። ሁለቱንም 9 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከካርቶን ሥሩ፣ በወለሉ ላይ ገመድ ዘርግታችሁ የሚወርደውን በየፎቶው 1 ሴንቲ ሜትር ግፉ። የሚወጣው በየፎቶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሂድ፤ ዳገት ነውና። መስኮቶቹ ትይዩ የሚሆኑበት 4 ፎቶ ነው፤ በእነዚያ 4 ፎቶዎች ሁለቱም ዝቅ ብለው ጭናቸው ላይ ያለውን ዕቃ ይዩ። ከዚያ መንገዱን ባዶውን ለ36 ፎቶ ተዉት፣ ፋሻውን አትንኩት። ሲቀናበር በ12 አስገብታችሁ በ24 አውጡት፤ መተግበሪያው ፎቶዎቹን «ለማለስለስ» ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ፣ የመስኮቶቹን 4 ፎቶ አደባልቆ ያጠፋዋል።