አንድ ልጅ፣ ስድስት ጽሕፈት ቤት፦ የልጆችን ጉዳይ ወረዳ ላይ እንዴት እናስተሳስር?

ይህን የምጽፈው ወረዳ ላይ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ለተመደባችሁ አዳዲስ ባልደረቦቼ ነው። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ነው። መጀመሪያ መንዝ ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለ ወረዳ። ሁለቱም ጋ ልጅ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ አለ። ጤና አለ፣ ትምህርት አለ፣ ወጣቶችና ስፖርት አለ፣ ሥራና ክህሎት አለ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ። ሁሉም እቅዱ ላይ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» ብሎ ጽፏል። ልጁ የሚጠፋው ግን ከአንዱ በር ወጥቶ ሌላው በር እስኪደርስ ነው። እዚያ መሃል የተመደበ ሰው የለም።

እኔ የምሠራበት ደንብ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ይዙር፣ ቤተሰቡ አይዙር። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ሥራችሁን ኮሚቴ በማቋቋም አትጀምሩ። አንድ ልጅ ያዙና እሱን ተከተሉ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን ዓይነት ልጅ ልንገራችሁ። አምስተኛ ክፍል ነው። እናቱ ዐረብ አገር ናት፣ አባቱ ሽንኩርትና ማሾ ሥራ ብሎ ወደ ሸዋ ሮቢት እንደወረደ ቀርቷል። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። ከኅዳር ጀምሮ ክፍል አልገባም፤ የሰው በግ ይጠብቃል። ትምህርት ቤቱ «አቋርጧል» ብሎ ጽፎታል። የጤና መድህኑ መዝገብ ላይ የቤቱ መታወቂያ አልታደሰም። ሴፍቲኔት፣ ማለትም የድሃ ቤተሰብ ድጋፍ፣ አያቱን ብቻቸውን እንደሚኖሩ አድርጎ መዝግቧል። ቀበሌ ደግሞ የልደት ምዝገባ የለውም ይላል። እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ መዝገብ ትክክል ነው። አራቱ መዝገቦች አንድ ልጅ ላይ እንደሚያወሩ ግን የሚያውቅ የለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ከላይ የማኅደር ቁጥር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሰፈርና ጎጥ። ከዚያ በታች ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ምን ጎደለ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። «ማን» የሚለው ላይ የጽሕፈት ቤት ስም አትጻፉ። የሰው ስም ጻፉ። «ጤና ጽሕፈት ቤት» የሚባል ስልክ የሚያነሣ ሰው የለም።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ወረቀት የማይጠይቀውን አስቀድሙ። ለዚህ ልጅ ፈጣኑ ነገር ትምህርት ቤት መመለሱ ነው። ለዚያ ማኅተም አያስፈልግም። ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አንድ ሰው ይዛችሁ የበጎቹን ባለቤት ማናገር ነው። መንዝ ላይ ይህ ንግግር በሥራ ቀን አይሆንም፤ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን ሂዱ፣ ሰው ቤቱ አለ። የንስሐ አባቱ አብረው ካሉማ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከዚያ በኋላ ቀበሌው ልጁ ከአያቱ ጋር እንደሚኖር አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። ያው ደብዳቤ ቅጂው ለሴፍቲኔትም፣ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ለተዘጋጀው የመድህን ዝርዝርም ይሠራል። ሁለት ጊዜ አታጽፉ።

የልደት ምዝገባው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ጋ የሚቀልጠው ጊዜ ያናድደኛል። የወሳኝ ኩነት አዋጁ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው በተግባር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ያለፈው በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል፤ በሩ አልተዘጋም። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ቦታ «እናትና አባት ካልመጡ አይሆንም» ይባላል። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ወላጅ ከሌለ ሞግዚት፣ ሞግዚትም ከሌለ ልጁን የያዘው ሰው ያስመዘግባል። ስለዚህ አያቲቱ ራሳቸው ይችላሉ። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ፍርድ ቤት ሞግዚትነት ልታስወጡላቸው አትሩጡ። ሞግዚትነት የሚያስፈልገው ለንብረት፣ ለውርስ፣ ለጡረታ ነው፤ ያን ጊዜ ጠይቁ። አዋጁን አትማችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከቀበሌው መዝጋቢ ጋር አትጨቃጨቁ። አንቀጹን አብራችሁ አንብቡ፤ ለሚቀጥለው ልጅ እሱ ራሱ ያስታውሰዋል።

አዲስ የሚወለዱትን በተመለከተ ደግሞ ሥራው የጤና ኤክስቴንሽኗና የመዝጋቢው ነው። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ያ ወረቀት ሣጥን ውስጥ እንዳይቀር የክትባት ቀን ጥሩ ማስታወሻ ነው። ለክትባት ስትመጣ «አስመዘገብሽ?» ማለት በጀት አይጠይቅም።

ቀጥሎ፣ በየጽሕፈት ቤቱ አንድ ተጠሪ ሰው ይኑራችሁ፣ አንድ ደግሞ ምትክ። ኃላፊውን አትምረጡ፤ ኃላፊ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። መዝገቡን የሚነካውን ባለሙያ ያዙ። ትምህርት ቤት ከሆነ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማን ባዶ ሆዱን እንደሚመጣ፣ ማን ባበጠ እግር እንደሚራመድ የሚያየው እሱ ነው።

ደብዳቤ ስትልኩ ከታች የሚቆረጥ መልስ ይኑረው። «ልጁ ደርሷል / አልደረሰም፤ የተደረገለት፤ ቀጣይ ቀጠሮ፤ ፊርማ።» አራት መስመር ናት። ያለ እሷ ሸኚ ደብዳቤ መሸኘት ብቻ ነው፤ መድረሱን የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ መልሷ ካልመጣች ደውሉ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎት ወደ ባለሙያው የሚመራው ሰው ሳያገኝ የተኛ ደብዳቤ ስንት እንደሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ።

ቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው። ነገር ግን የልጅ ስምና ፎቶ እዚያ አይገባም። የማኅደር ቁጥር ብቻ። ወረዳ ትንሽ ነው፤ ጠዋት የተላከ ፎቶ ከሰዓት ገበያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው። ወር ላይ አንዴ ይበቃል። የወረዳው አስተዳዳሪ ወይም ምክትላቸው ይምሩት፤ ይህን ለክብር ብዬ አይደለም። ጤና ትምህርትን ማዘዝ አይችልም፣ እናንተም ፖሊስን ማዘዝ አትችሉም። ሁሉም እኩል ናቸው። ከፍርድ ቤት በቀር ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አጀንዳው ጉዳያቸው የቆመ ልጆች ዝርዝር ይሁን። ያለቀላቸውን አታንሡ። ሪፖርት ማቅረብ የሚወድ ሰው ካለ በወረቀት ይስጥና ሻይ ይጠጣ። የቆመ ጉዳይ ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ ያቆመው በጀት አይደለም፤ «ፊርማው የማን ነው?» የሚለው ነው። እዚያው ይወሰን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ስምና ቀን ይስፈር።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት ያለውን ፈልጉ። በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከታወጀ ወዲህ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ ብለው ጤና፣ ግብርና፣ ውሃና ትምህርት አብረው የሚቀመጡባቸው ወረዳዎች አሉ። የእናንተ ወረዳ ከነሱ አንዱ ከሆነ እዚያው ተለጠፉ። ሰው ለአምስተኛ ኮሚቴ ወንበር የለውም።

ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ደግሞ አለ። የተደፈረች ልጅ ስትመጣ የመጀመሪያው በር ሐኪም ቤት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ልብሷ አይታጠብ፣ ለማስረጃ ይቀመጥ። ፖሊስ ወደ እሷ ይምጣ። ታሪኩን ለእናንተ፣ ለነርሷ፣ ለመርማሪው፣ ለዐቃቤ ሕጉ እየደጋገመች እንዳትናገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አንድ ሰው ይጠይቅ፣ ሌላው ያዳምጥ። ይህን ስምምነት ጉዳይ ሳይመጣ በፊት ጻፉት። በመጣ ቀን ማንም ለማሰብ ፋታ የለውም።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን ቀን አለው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ታኅሣሥ ላይ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉ የሴት ልጆችን የመቅረት ዝርዝር ከትምህርት ቤት ተቀበሉ። በድንገት መቅረት የጀመረች፣ ጓደኞቿ ስሟ ሲነሣ የሚሽኮረመሙባት፣ እሷን እዩ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ነው፦ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። ደጋሹ ሁልጊዜ «18 ሞልቷታል» ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት ካላት ክርክሩ አለቀ። ከሌላት ዕድሜዋን የሚገምት ሐኪም ያስፈልጋል፣ ያ ቀን ይወስዳል፣ ሠርጉ ደግሞ እሑድ ነው። የምዝገባውን ነገር ያን ያህል ያበዛሁት ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ከክስ በፊት ሽማግሌና ቄስ እልካለሁ። ከሠርጉ በፊት ሲሆን ይሰማሉ፤ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ከ15 እስከ 17 ያሉትንስ? የወጣት ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። ሕጉ ደግሞ እስከ 18 ሕፃን ይላል። ስለዚህ የ16 ዓመቱ ልጅ የሁለት ጽሕፈት ቤት ነው፣ በተግባር ግን አንዱ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ወረዳችሁ ላይ አንድ ውሳኔ አስወስኑ፦ ማኅደሩ ማኅበራዊ ጉዳይ ይቀመጥ፣ ሥራና ሥልጠናውን ሥራና ክህሎት ይከታተል። ልጁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ እገባለሁ ካለ «አይቻልም» አትበሉት፣ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል። ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊትም አይሠራም። ይህን ሳይሄድ ይወቀው።

ልጅ ከወረዳ ወጥቶ ሲሄድ ማኅደሩም ይሂድ። ከመንዝ ደብረ ብርሃን የገባ ልጅ ከዜሮ እንዲጀምር ማድረግ ግፍ ነው። በዞኑ መምሪያ በኩል ላኩት፤ ግልባጩን ለመምሪያው፣ ዋናውን ለተቀባዩ ጽሕፈት ቤት። ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡ ልጆችን የነዋሪነት መታወቂያ አምጡ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በእርጋታ ሕገ መንግሥቱን ጥቀሱለት፤ አንቀጽ 36 የልጅ ጥቅምና ደህንነት ይቅደም ነው የሚለው። መንገድ በሚዘጋበትና ኔትወርክ በማይኖርበት ወቅት ደግሞ የማኅደሩ አንድ ቅጂ ጤና ኬላ ይቀመጥ። ክረምት ላይ ጀማ ሲሞላ ማዶ ያሉት ቀበሌዎች የሚያገኙት የጤና ኤክስቴንሽኗን ብቻ ነው።

ገንዘብ የምትፈልጉ ከሆነ ግንቦት ላይ ጠይቁ። በጀቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ነሐሴ ላይ የመጣ ጥያቄ ልመና ይሆናል። ትልቅ ነገር አትጠይቁ። እኔ የምጠይቀው የመጓጓዣ ነው። መድህኑ ሕክምናውን ይሸፍናል፣ አያትና ልጅ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደርሰው የሚመለሱበትን ግን አይሸፍንም። ስንት ሪፈር በዚያ ብር የተነሣ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል።

ዝውውር ሲደርሳችሁ ማኅደሮቹን በዝርዝር አስረክቡ፣ ተቀባዩ እየፈረመ። የቆሙትን ልጆች ለብቻ አውጡ። ከተቻለ አንድ ቀን አብራችሁ ውጡና የበሮቹን ሰዎች አስተዋውቁት፤ የጤና ኬላዋን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ መዝጋቢውን። ስልካችሁንም አትቀይሩ፤ ተቀባዩ ቢያንስ እስከ ጥር ድረስ ይደውላል።