ከጎንደር ወደ ሩቅ አገር፦ ሰዓት ሳይምታታ ለመጓዝ፣ ለመደወልና ለመተኛት

ከጎንደር ተነሥቶ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ከሌላው ዓለም መንገደኛ ይልቅ አንድ ሥራ ይበዛበታል። ሌላው መንገደኛ የሚያሰላው በሁለት አገሮች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው ግን አስቀድሞ የራሱን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት፣ የራሱንም ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን መመለስ ይኖርበታል። በረራ የሚያመልጠው፣ የቪዛ ቀጠሮ የሚያልፈው፣ ዘመድ በውድቅት ሌሊት በስልክ ጥሪ ደንግጦ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በዚህ በመጀመሪያው ስሌት ምክንያት ስለሆነ ከሁሉ በፊት እርሱን አጥርቶ መያዝ ይገባል።

ትኬቱን ስለ ማንበብ

በአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው መነሻ ሰዓት የሚነበበው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓቱ ደግሞ በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ከአዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው የአንድ ሰዓት ያህል በረራ እንኳ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል፤ 16:20 ከተባለ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። አመላለሱ አያስቸግርም። ከ7 እስከ 18 ካለው ቁጥር ላይ 6 ሲቀነስ የቀኑ ሰዓት ይገኛል፤ ከ19 እስከ 23 ካለው ላይ 18 ሲቀነስ የማታው ሰዓት ይገኛል፤ ከ0 እስከ 6 ባለው ላይ ደግሞ 6 ሲደመርበት የሌሊቱ ሰዓት ይገኛል።

እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን የሰኞ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ የሰኞ ነው። ወደ ዴንቨር ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ የተነሡ አንዲት የማራኪ ሰፈር እናት ከፓስፖርታቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው የያዙትን ትኬት ሲያሳዩኝ «ማክሰኞ፣ ጁን 16፣ 00:40» ይላል። እርሳቸውም «ማክሰኞ ማታ ነው የምሄደው» አሉኝ። «የለም እማማ፣ ጉዞዎ ሰኞ ሰኔ 8 ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው ሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ነው» አልኳቸው። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚመከር ቦሌ መድረስ ያለባቸው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ ከጎንደር የሚነሡትም ያው ሰኞ በቀን ነው። ማክሰኞ ማታ ቢሄዱ ኖሮ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። በትኬቱ ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሰኞ ማታ፣ ከእራት በፊት ቦሌ» ብለን ጻፍንበት፤ ከስሌቱ ሁሉ ይልቅ እርሳቸውን የጠቀማቸው ይህ አንድ መስመር ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰዓትን ብቻውን ገልብጦ መያዝ አይበቃም። ለማንኛውም በረራ ወይም ቀጠሮ የዕለቱ ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የከተማውም ስም አብረው ይጻፉ። የሌሊት ጉዞ ሲሆን «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለውን አነጋገር በወረቀቱ ላይ ማስፈር የቆየ ልማዳችን ስለሆነ ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይሳሳት ይረዳዋል።

የጉዞውን ርዝመት ለማወቅ ሁለቱን ሰዓቶች ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በአሜሪካኖች የበጋ ወራት (ሰዓታቸውን በሚያስቀድሙበት ጊዜ) ከአዲስ አበባ 22:15 ተነሥቶ ዋሽንግተን 08:00 የሚደርስ ጉዞ አሥር ሰዓት የማይሞላ ይመስላል፤ በመካከሉ ያለው የ7 ሰዓት ልዩነት ሲደመርበት ግን 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ለልጅ የሚያዘው ወተትና በጉዞ ላይ የሚዋጠው መድኃኒት የሚመጠነው በዚህኛው ቁጥር ነው።

በመተማ በኩል ለሚያልፉ ደግሞ፦ ሱዳን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ኅዳር ወር መባቻ ጀምሮ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ድንበሩን የተሻገረ ሰው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ይመልሳል። በድንበሩ አካባቢ ያለ ስልክ የማዶውን ኔትወርክ ሲይዝ ሰዓቱን በራሱ ሊለውጥ ስለሚችል፣ መኪና ለመያዝ በሌሊት የሚነሣ ሰው የእጅ ሰዓቱንም ይመልከት።

ስልክ ሲነሣ፣ አንዳንዶች ስልካቸው የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳያቸው ብለው በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ይህ የሚመከር አይደለም፤ የመልእክቶች ቅደም ተከተል ይዛባል፣ የባንክና የሌሎች መተግበሪያዎች ማረጋገጫም ሊከለክል ይችላል። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ ትቶ በዓለም ሰዓት ዝርዝር ውስጥ «አዲስ አበባ»ንና የዘመድን ከተማ መጨመር፣ ለሐበሻው ሰዓት ደግሞ የተለየ መተግበሪያ መጫን ይሻላል።

ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ተማሪዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ አለ። የማመልከቻው መዝጊያ በዋሽንግተንና በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 11:59 ከተባለ፣ ጎንደር ላይ በማግስቱ በበጋቸው ማለዳ 12 ሰዓት ከ59፣ በክረምታቸው ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ይሆናል። ያቺን የመጨረሻ ሌሊት ግን ለኔትወርክና ለመብራት መቋረጥ አሳልፎ መስጠት ስለሚሆን አንድ ቀን ቀድሞ መላክ ከስሌቱ የበለጠ ዋስትና ነው።

ከዘመድ ጋር ስለ መገናኘት

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷንም አትለዋውጥም። ምክንያቱን ከጎንደር ሰማይ መረዳት ይቻላል፤ ከወገብ መስመር ብዙ ስለማንርቅ የፀሐይ መውጫ በዓመት ውስጥ የሚለያየው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። በዋሽንግተን ግን ፀሐይ በዲሴምበር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ፣ በጁን ደግሞ ከ8 ተኩል በኋላ በፈረንጅ ሰዓት ትጠልቃለች። ስለዚህ አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ታስቀድማለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሳለች፤ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5፣ ሁለተኛው ከጥቅምት 21 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። አውሮፓ የሚያስቀድመው በማርች፣ የሚመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ፣ በመጋቢት ውስጥ ለንደን ያለው ወንድም ሳይለውጥ ሚኒያፖሊስ ያለችው እኅት የምትለውጥባቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት አሉ። ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦች በበጋቸው ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ በክረምታቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሁለቱም አይለውጡም።

ለአሜሪካ አንድ አቋራጭ አለ። የሐበሻ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ፣ ዋሽንግተን ለሚደውል ሰው በበጋቸው ከእኛ ሰዓት ላይ 1፣ በክረምታቸው 2 መቀነስና ሌሊቱን በቀን፣ ቀኑን በሌሊት መለወጥ ይበቃዋል። በእኛ ማታ 3 ሰዓት ላይ እዚያ በፈረንጅ ሰዓት በበጋቸው ከቀኑ 2፣ በክረምታቸው ከቀኑ 1 ሰዓት ነው። ለሚኒያፖሊስ 2 ወይም 3፣ ለዴንቨር 3 ወይም 4 ይቀነሳል። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ 3 ሰዓት ላይ መደወል ለእኛ የተመቸ ቢሆንም ዋሽንግተን ላይ ያለውን ሰው ከሌሊቱ በፈረንጅ ሰዓት 1 ወይም 2 ላይ ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነው። እሑድ ማታ 2 ሰዓት ግን ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ዴንቨርም ላይ ረፋድ ስለሚሆን፣ ሁሉም የሚነቃበት ሰዓት እርሱ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚሻው የመርዶ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ሆኖ ነው። ጎንደር ሲነጋ ግን ዋሽንግተን ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው፤ እዚያ የሚነጋው እዚህ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው። ስለዚህ በእኛ ማለዳ በቀጥታ ለልጁ መደወል ብቻውን በሌሊት መጣል ይሆናል። የሚሻለው እዚያው ከተማ ላለ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው አስቀድሞ ነግሮ፣ በእነርሱ ማለዳ ቤቱ ሄደው እንዲያረዱት ማድረግ ነው፤ ያ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስም የሟችን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ይህን ለመላው ቤተሰብና ለጎረቤት ወጣቶች ሳይቀር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ስለ እንቅልፍና ስለ ሰውነት

ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። ይህም በአንጎል ውስጥ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚመራ ሲሆን፣ አሠራሩን የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሰዓቱን ከምንም በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚለው ከተለመደው መነሻ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት የሚታይ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያዘገየዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ያስቀድመዋል። የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም ማዘግየት ከማስቀደም ይቀላል፤ ወደ ምዕራብ የሚደረግ ጉዞ ከምሥራቁ የሚቀለውም በዚሁ ነው። በግምት ለእያንዳንዱ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል መያዝ ይቻላል።

ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን የደረሰ ሰው ከቀትር በኋላ በፈረንጅ ሰዓት 3 ሲሆን እንቅልፍ ይጫነዋል፤ ለሰውነቱ ማታ 4 ሰዓት ነውና። በዚያ ጊዜ ሶፋ ላይ መጋደም ሳይሆን እስከ ምሽት ድረስ ደጅ ወጥቶ በእግር መሄድ፣ ቢያንስ በፈረንጅ ሰዓት እስከ 9 ነቅቶ መቆየት ያስፈልጋል። ሸለብ ማድረግ ግድ ከሆነም ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ።

ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 7 ሰዓት ላይ መነሣት የለመደ ሰው በክረምታቸው ጎንደር ሲገባ የሰውነቱ ሙቀት ዝቅ የሚልበት ጊዜ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ይውላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ረፋዱን ከኃይለኛ ፀሐይ መጠለል፣ ጥቁር መነጽር ወይም ነጠላ መከናነብ፣ ከቀትር በኋላ ግን ወደ ፀሐይ መውጣት ይጠቅመዋል፤ ከዚያ በየቀኑ የፀሐዩን ሰዓት በአንድ አንድ ሰዓት ወደ ጠዋት ማምጣት ነው።

ይህ በተለይ ለጥምቀት የሚመጡትን ይመለከታል። ጥር 9 ቀን ከአሜሪካ የገባ እንግዳ በከተራው ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ ሳይደክመው ያድራል፤ ሰውነቱ ገና ቀን ላይ ነውና። እንቅልፍ የሚጥለው ግን ጥር 11 ሲነጋ፣ ውኃው በሚባረክበትና ሕዝቡ በሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። በዓሉን በሙሉ ልብ ለማክበር ቢያንስ ጥር 4 ወይም 5 መግባት ይመረጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፤ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች መውጣቱን ለኋላ ቀናት ያቆየው፤ በደረሰ ማግስትም መኪና አይንዳ።

ተቀባይ ቤተሰብም ድርሻ አለው። እንግዳ በገባ ማታ ቡና ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ዘመድ ሲጫወት ማምሸቱ የፍቅር ነው፤ ይሁንና የቡናው ኃይል ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ይቀራል። ያንኑ ቡና ለጠዋት ወይም ከምሳ በፊት ማድረግ፣ ጠያቂም ቀን ቀን እንዲመጣ ማስታወቅ እንግዳውን ያሳርፈዋል። ጠላና ጠጅም ለጊዜው ያስተኙ መስሎ ሌሊቱን ይቆራርጡታል።

ጾመኛ መንገደኛ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቢሆን፣ የጾሙን መፍቻ በደረሰበት አገር ሰዓትና ፀሐይ ቢያደርግ ሰውነቱም ፈጥኖ ይለምደዋል። መድኃኒት ግን በፀሐይ አይቆጠርም። የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሁለት መውሰጃዎች መካከል ያለፉትን ሰዓታት ይቁጠር፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ደግሞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ቀኑ ስለሚረዝምበት፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ስለሚያጥርበት መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ትኬቱን ይዞ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱንም ከሻንጣ ጋር ሳይሆን በእጅ ቦርሳው ይያዘው።