የጥቁር አሜሪካውያንን የዘር ሐረግ ከ1870 ወደ ኋላ መከታተል

የጥቁር አሜሪካውያንን የዘር ሐረግ የሚያጠና ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ከ1870 ጋር ይፋጠጣል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝቡን ቢቆጥርም፣ ከባርነት የወጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከነስማቸው የተመዘገቡት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩት ሰዎች የገቡት ለብቻው በተዘጋጀ ዝርዝር፣ በባሪያ አሳዳሪው ስም ሥር ሲሆን፣ ስለ እነርሱ የተጻፈውም በአመዛኙ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ሲደርሱ የቅድመ አያታቸውን ስም በቆዩ መዝገቦች ውስጥ ደጋግመው በመፈለግ ይደክማሉ። ከ1870 ወዲያ የሚያሻግረው ግን ቦታና ጎረቤት ነው፤ ቤተሰቡ በየትኛው ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል)፣ በየትኞቹ እርሻዎች አጠገብ፣ ከእነማን ጋር እንደኖረ ማወቅ ከስም ይበልጣል።

ፍለጋው የሚጀመረው ከቅርቡ ትውልድ ነው። አረጋውያንን ከጠየቁ በኋላ ወደ ቆጠራ መዝገቦች ይሂዱ። የቆጠራ ቅጾች ለሕዝብ የሚከፈቱት 72 ዓመት ሲሞላቸው በመሆኑ መነሻዎ የ1950ው ይሆናል፤ ከዚያ ትውልድ ሳይዘሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የ1900ው ቆጠራ የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ እንዲሁም አንዲት እናት ስንት ልጆች እንደወለደችና ስንቶቹ በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። የ1890ው አብዛኛው ክፍል በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት ስለጠፋ፣ በ1880 እና በ1900 መካከል ያለው ክፍተት በጋብቻ ፈቃድ፣ በሞት ምስክር ወረቀትና በቤተ ክርስቲያን መዝገብ መሞላት አለበት።

ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ የመሳሰሉ ከተሞች ስለፈለሱ፣ ከቤተሰብ የሚሰማው ቃል ብዙውን ጊዜ «ከሚሲሲፒ የመጡ ናቸው» ከሚል አያልፍም። የግዛት ስም ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ ካውንቲው ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዱት ከ1936 በኋላ የተሞሉት የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና) ማመልከቻዎች ናቸው፤ የትውልድ ቦታን ከአባት ስምና ከእናት የልጅነት ስም ጋር ይዘዋልና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና የተሞሉት ካርዶችም እንዲሁ ይጠቅማሉ፤ በ1917 በታተሙት ላይ ሰውየው የአፍሪካ ዝርያ ከሆነ የካርዱ ጥግ እንዲቀደድ መዝጋቢው ታዟል፤ የተቀደደው ጥግ ራሱ ማስረጃ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የ1870ው ገጽ ሲገኝ የቤተሰቡን መስመር ብቻ ገልብጦ ማለፍ ትልቁን ሀብት ጥሎ መሄድ ነው። ከፊትና ከኋላ ያሉትን በርካታ ገጾች ያንብቡ፤ ተመሳሳይ የአባት ስም ያላቸውን ጥቁር ቤተሰቦችና መሬት ያላቸውን ነጭ ጎረቤቶች ይመዝግቡ። ይህ ቆጠራ ሰዎቹ ከቤቱ አባወራ ጋር ያላቸውን ዝምድና አይገልጽም፤ ያንን መጻፍ የተጀመረው በ1880 ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት የተገኙ ወንድና ሴት ባልና ሚስት ናቸው ብሎ መደምደም አይገባም። የቤተሰቡ ስም የመጨረሻው አሳዳሪ ስም ነው የሚለው እምነትም ብዙዎችን አሳስቷል፤ የቀድሞ አሳዳሪን ወይም የአባትን ስም የያዙ፣ ጨርሶ የራሳቸውን የመረጡም ነበሩና። ሌላው የሚዘነጋው ጉዳይ በ1860 ወደ 488,000 የሚጠጉ ነጻ ጥቁሮች መኖራቸው ነው። እነዚህ በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች ከነስማቸው ስላሉ፣ ቤተሰቡ በባርነት ነበር ብሎ ከመወሰን በፊት እዚያ መፈለግ ግድ ነው።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ማግስት ያሉት ጥቂት ዓመታት በሰነድ የበለጸጉ ናቸው። በመጋቢት 1865 የተቋቋመውና በ1872 የተዘጋው፣ ከባርነት የወጡትን ይረዳ የነበረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ፍሪድመንስ ቢሮ፣ የሥራ ውሎችን፣ የእርዳታ ዝርዝሮችን፣ የጋብቻ መዝገቦችንና አቤቱታዎችን ትቶ አልፏል፤ የሥራ ውሉ ብዙ ጊዜ የተፈረመው ከቀድሞው አሳዳሪ ጋር ስለሆነ ስሙን የሚጠቁመው እርሱ ሊሆን ይችላል። ከባርነት የወጡት ገንዘብ ያስቀምጡበት የነበረውና ከ1865 እስከ 1874 የሠራው የፍሪድማንስ ባንክ ደግሞ አስቀማጩን ስለ ትውልድ ቦታው፣ ስለ ወላጆቹና ስለ ወንድምና እኅቶቹ ይጠይቅ ነበር፤ በአንዳንድ መዝገቦች የቀድሞው ጌታና የእርሻው ስም ሳይቀር ተጽፏል። ከሁሉ የምመርጠው ግን የጡረታ መዝገብን ነው። በሰሜኑ ጦር 179,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች ያገለገሉ ሲሆን፣ በባርነት ዘመን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ያልጸና በመሆኑ፣ ጡረታ የምትጠይቅ መበለት አብረዋት በአንድ እርሻ ያደጉ ሰዎችን ምስክር ማቅረብ ነበረባት። በዚህ የተነሣ ማን ማንን አገባ፣ ማን አጋባቸው፣ የማን ንብረት ነበሩ የሚለው በቃለ መሐላ ተጽፎ ይገኛል። ቅድመ አያትዎ ባይዘምቱ እንኳ የወንድማቸውን ወይም የጎረቤታቸውን መዝገብ ከብሔራዊው ቤተ መዛግብት ያስመጡ፤ ብዙዎቹ ገና በኢንተርኔት አልተጫኑም።

የአሳዳሪው ስም ከተጠረጠረ በኋላ የእርሱን ቤተሰብ እንደ ራስዎ ቤተሰብ ማጥናት ይጠበቅብዎታል። ሰዎቹ በሕግ እንደ ንብረት ስለተቆጠሩ የሚገኙት በኑዛዜው፣ ሲሞት በተደረገው የንብረት ቆጠራ፣ በሽያጭ ውሎችና በዕዳ መያዣ ወረቀቶች ውስጥ ነው። በንብረት ቆጠራ ላይ የእናት ስም ከልጆቿ ጋር ተከታትሎ፣ በጎኑ ዋጋ ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማንበብ የሚከብድ ዝርዝር በ1870 ከተመዘገቡት ስሞችና ዕድሜዎች ጋር ያስተያዩት። ሦስትና አራት ስሞች በአንድነት ከገጠሙ ግምትዎ ይጠነክራል፤ የ1860ው ዝርዝር ግን የዕድሜ መመሳሰል ብቻ ስለሚያሳይ ለድጋፍ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም። ሴቶች ባሪያዎችን ከአባታቸው ስለሚወርሱ የአሳዳሪው ሚስት አባት ኑዛዜም መታየት አለበት።

እነዚህ ወረቀቶች የሚቀመጡት በካውንቲው ፍርድ ቤት ወይም በግዛቱ ቤተ መዛግብት ሲሆን፣ ብዙዎቹን ፋሚሊሰርች በተባለው ነጻ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። የካውንቲ ወሰኖች ስለተለዋወጡ ሰነዱ በተጻፈበት ዓመት ቦታው የማን እንደነበር ያጣሩ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ለምሳሌ እስከ 1863 የቨርጂኒያ አካል ነበረች። ቤተሰቡ በባሕር ወደ ኒው ኦርሊንስ ተወስዶ ከሆነ ደግሞ፣ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በ1808 ከተከለከለ በኋላ በአገር ውስጥ ወደቦች መካከል ባሪያዎችን የሚያጓጉዙ መርከቦች የሰዎቹን ስም፣ ዕድሜና ቁመት ማስመዝገብ ስለነበረባቸው ያንን ዝርዝር መመልከት ይቻላል።

የዲኤንኤ ምርመራ የሚያግዘው ከሁሉ በኋላ ነው። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት የናይጄሪያ ወይም የኮንጎ መቶኛ ግምት ነው፤ የላቀ ዋጋ ያላቸው በዝምድና የሚገጥሙት ሰዎች ዝርዝርና የእነርሱ የዘር ሐረግ ናቸው። ከተጠረጠረው አሳዳሪ ዘሮች ብዙዎቹ ከእርስዎ ጋር ከገጠሙ በመካከል የሥጋ ዝምድና ሊኖር ይችላል፤ ያልገጠሙ እንደሆነ ግን ሰነዱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ናሙናውን በመጀመሪያ ፈቃደኛ ከሆነው ከቤተሰቡ አንጋፋ ሰው ይውሰዱ፤ ለቀደሙት ትውልዶች ይበልጥ የሚቀርበው የእርሱ ደም ነው።