ፍሪሲዮኑን ሳትለምዱ ነዳጅ አትንኩ

ሞተር መንዳት የተማርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ሞተሩን አቆመና «ግፊው» አለኝ። አስነሺው አላለም። ግፊው! ወደ ፊት ገፋሁት፣ ወደ ኋላ ጎተትኩት፣ አዞርኩት። ሁለት ዙር ሳልጨርስ ላብ አጠመቀኝ። በሆዴ እየሰደብኩት ነበር።

ዛሬ ጀማሪ ሲያማክረኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ክብደቱን በእጃችሁ እወቁት። ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም በሁለት ጣት ይያዛል። ትንሽ ሲያጋድልም ይመለሳል። ትንሽ ካለፈ ግን ማንም አይመልሰውም፣ ይወድቃል። ያቺ «ትንሽ» የት እንዳለች ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ብታውቋት ይሻላል።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። የጫማው ክር ወደ ውስጥ ይግባ፣ ማርሹ ላይ ይጠመጠማል። ሄልሜቱ ግን ጉንጫችሁን ጫን አድርጎ መያዝ አለበት። አጥልቃችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አብሯችሁ ካልዞረ ሰፍቷችኋል ማለት ነው። እኔ የጀመርኩት በተውሶ ሄልሜት ነበር። በነቀነቅኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ ይወርድ ነበር።

አሁን ውጡ። በግራ እጃችሁ ፍሪሲዮን አለ፣ ሲጨበጥ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያላቅቀው ማለት ነው። በቀኝ እጃችሁ ነዳጅ መስጫውና የፊት ፍሬን። በግራ እግር ማርሽ፣ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። በአብዛኛው ሞተር አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ነው፣ ከሁለተኛ ጀምሮ ያለው ወደ ላይ። ፎሌ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ፣ አንደኛና ሁለተኛ መሃል ትገኛለች። ማርሹ በሌላ መንገድ የሚገባ ሞተርም ስላለ የራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትነኩት ድረስ ተቀምጣችሁ ደጋግሙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባ ነገር ነው። ሞተሩን አስነሱ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ጨብጡና አንደኛ አስገቡ። ነዳጅ አትስጡ። ሁለቱም እግራችሁ መሬት ላይ ይሁን። ከዚያ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የሆነ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ ያቃስታል፣ ሞተሩም ወደ ፊት መሳብ ይጀምራል። እዚያው ያዙት! ሁለት እርምጃ ያህል ተራመዱና መልሳችሁ ጨብጡ። ቁሙ። እንደገና።

እዚያ ቦታ ላይ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እየተንሸራተቱ የሞተሩን ኃይል በጥቂት በጥቂቱ ለኋላ ጎማ ያቀብላሉ። በአንዴ ስትለቁት ግን ድንገት ይጣበቃሉ። ያኔ ሞተሩ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ይዘላል። እኔ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 11 ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ወንድሜ ቆጥሯል። ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፣ መጥፋት ማንንም አይጎዳም።

የሚጎዳው መዝለሉ ነው። በሦስተኛው ቀን «አሁንማ ችያለሁ» ብዬ ነዳጅ ጨመርኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ሞተሩ ዘለለ። እኔ ወደ ኋላ ተሳብኩ። እጄ መሪውን እንደጨበጠ ስለነበር ወደ ኋላ ስሳብ አብሮ ነዳጁን አዞረው። በፈራሁ ቁጥር አጥብቄ ያዝኩ፣ አጥብቄ በያዝኩ ቁጥር ፍጥነቱ ጨመረ። ፊት ለፊቴ ግንብ አለ። ወንድሜ ከኋላ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ያዢ!» ብሎ ጮኸ። ያዝኩ። ሞተሩ እንደ ጉድ እያጓራ ጎማው ግን ኃይል አጣ። ግንቡ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በእርምጃ ፍጥነት ብቻ ነዳሁ። ነገር ሲበላሽ ግራ እጄ ሳላዘው እንዲጨብጥ ፈልጌ ነው። እናንተም ቀኝ አንጓችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ከፍ ካለ፣ ወደ ኋላ ስትሳቡ ነዳጅ ማዞሩ አይቀርም።

ሌላው ዓይን ነው። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ አንድ ድንጋይ ነበረች። አንዲት! እየሄድኩ የወጣሁት እሷ ላይ ነው። «እንዳልመታት» ብዬ አተኩሬ እያየኋት ነበር። ሞተር ዓይን ወደሚያይበት ይሄዳል። ስትታጠፉ አገጫችሁን ወደ መውጫው አዙሩ። ጎማውን አትዩ፣ የትም አልሄደም። ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ደግሞ ነዳጁን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ርገጡት፣ ሞተሩ ይረጋል።

ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ቀኝ ለመሄድ የመሪውን ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ገፋ ታደርጋላችሁ። ወንድሜ ሲነግረኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ሞክሩት፣ በጣት ጫፍ ያህል ብቻ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል።

ፍሬን ላይ ሰው የሚፈራው የፊቱን ነው። «ይገለብጣል» ይባላል። ነገር ግን ስትቆሙ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ዋናው ነገር በአንዴ ጭብጥ አለማድረግ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት እስኪመጣ በስሱ ጀምሩና እየጨመራችሁ ጨምቁት። መሪው ዞሮ እያለ በእርምጃ ፍጥነት የፊቱን ፍሬን ከያዛችሁ ግን ወደ ዞረበት ጎን ይወድቃል። በአራተኛው ቀን እኔና ሞተሩ መሬት የነካነው በዚሁ ነው።

ከወደቀ መጀመሪያ አጥፉት። በወገባችሁ አታንሱት። ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው ከኋላ በኩል ጠንካራ ብረት ያዙ፣ ከዚያ በእግራችሁ እየገፋችሁ ወደ ኋላ ትንንሽ እርምጃ ሂዱ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡት። አለበለዚያ አንስታችሁት ወደዚያኛው ጎን ትጥሉታላችሁ።

ወደ መንገድ መውጣት ያለባችሁ ወደ ታች ሳታዩ መነሳት፣ ማርሽ መቀየርና መቆም ስትችሉ ነው። መንጃ ፈቃዱንም ከዚያ በፊት አውጡ። ማንም እንዳላያችሁ ቆጥራችሁ ንዱ። መስቀለኛ ላይ የቆመ መኪና ካለ የሹፌሩን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን ተመልከቱ፣ መንቀሳቀሱ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። አሸዋ፣ የፈሰሰ ዘይት፣ ሲዘንብ ደግሞ የአስፋልት ቀለምና የብረት ክዳን ያንሸራትታሉ። እነሱ ላይ አትታጠፉ፣ ፍሬንም አትያዙ።

መጀመሪያ መንገድ የወጣሁት እሁድ ጠዋት በማለዳ ነው። ወንድሜ በሌላ ሞተር ከኋላ ይከተለኝ ነበር። አንድ ቦታ ከታጠፍኩ በኋላ ክላክሱን ያንጫርረው ጀመር። አላቆም አለ። እኔ እያበረታታኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። በመጨረሻ ጎኔ መጥቶ የግራ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ለካ ፍሬቻዬ እስካሁን በርቷል። የሞተር ፍሬቻ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪና በራሱ አይመለስም።

«ቀኝ ልትታጠፊ ነው ብዬ ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ» አለኝ።