በቀዘቀዘ ወንዝ ላይ ኳድ ባይክ ሲነዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንዝ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝም ይህ ጠባዩ አይለቀውም። ከላይ ሰፊና ጠፍጣፋ መንገድ ሆኖ ይታያል፣ ከሥሩ ግን ውሃው መሄዱን አላቆመም። በአላስካ የኩስኮክዊም ወንዝ፣ በሳይቤሪያም የሌና ወንዝ በብርዱ ወራት መኪና ሳይቀር የሚያሳልፉ መንገዶች ይሆናሉ። እዚያ ግን በረዶውን የሚለኩና ምልክት የሚተክሉ ሰዎች አሉ። በኳድ ባይክ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ለብቻው ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ ራሱ መሥራት አለበት።

የሐይቅን ልኬት ለወንዝ መጠቀም

ብዙ ሰው ቁጥሮቹን ያውቃቸዋል፦ ለእግረኛ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለኳድ ደግሞ ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር። ችግሩ ልኬቱ የወጣው በረጋ ውሃ ላይ ለተሠራ፣ አዲስና ጥርት ላለ በረዶ መሆኑ ነው። ነጣ ያለና ደብዛዛ በረዶ ጥንካሬው የግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ወንዝ ላይ ደግሞ ጅረቱ በረዶውን ከሥር እየሞረደ ያሳሳዋል፤ ስለዚህ በቂ የተባለው ልኬት በወንዝ መካከል በቂ ላይሆን ይችላል።

በተለይ የሚያሰጉ ቦታዎች አሉ። ወንዙ ሲታጠፍ ውሃው በውጭኛው ዳር በኩል ይፈጥናል፣ በረዶውም እዚያ ይሳሳል። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት፣ ድልድይ ሥር፣ ወንዙ የሚጠብበት፣ ምንጭ የሚገባበት እንዲሁም ግንድ ወይም ድንጋይ ብቅ ያለበት ቦታ ሁሉ አይታመንም። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ዳሩ ይመስለኛል። ወንዙ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃው መጠን ሲጎድል በረዶው ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከሥሩ የሚደግፈው ውሃ የለም፣ አየር ብቻ ነው። በዱላ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ይመለሱ።

አንድ ጊዜ በስቶ መርካት

መነሻ ላይ ቀዳዳ በስተው 25 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ ስለዚያች ቀዳዳ ብቻ አወቁ ማለት ነው። የወንዝ በረዶ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ሊለዋወጥ ይችላል። የወንዙ ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር ወርደው ይለኩ። አሰልቺ ነው፤ መለካት የሰለቸው ሰው በዳር ያለውን የየብስ መንገድ ይያዝ።

አመዳይ የሸፈነውን ማመን

አዲስ አመዳይ፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርድ ለስላሳ በረዶ፣ የሸፈነው ወንዝ ያምራል፣ ለመንዳትም ይጋብዛል። ነገር ግን አመዳዩ ብርዱን ስለሚከላከል ከሥሩ ያለው በረዶ እንዳይወፍር ያደርገዋል። ክብደቱም በረዶውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ ውሃ በስንጥቅ ወደ ላይ ወጥቶ በበረዶውና በአመዳዩ መካከል ይተኛል። ከላይ ምንም አይታይም። ኳዱ ሲገባበት ጎማው በጭቃ መሰል ውሃ ይያዛል፣ እግር ይረጥባል፤ ከዜሮ በታች በወረደ ብርድ እርጥብ እግር ቀላል ነገር አይደለም። ኳዱም እዚያው ካደረ ጎማው ከበረዶው ጋር አብሮ ይረጋል። አመዳዩ ላይ ጠቆር ያለ ቦታ ካዩ ይራቁት። ኳዱ ድንገት ከከበደዎት ደግሞ የነዳጅ አሰጣጡን ሳይለዋውጡ፣ ሳይቆሙ፣ ዞር ብለው በመጡበት ዱካ ይውጡ።

መፍጠንና መጠጋጋት

ከባድ ነገር በበረዶ ላይ ሲሄድ ከሥር ውሃው ላይ ሞገድ ይፈጥራል። ወደ ዳር በፍጥነት ሲቀርቡ ያ ሞገድ ተመልሶ በረዶውን ሊሰብር ይችላል፤ ስለዚህ ዳር ሲደርሱ ቀስ ይበሉ። ጓደኞች ተራርቀው ይንዱ። ለሻይ ሲቆሙም ኳዶቹን አንድ ቦታ አይደርድሯቸው፤ የቆመ ክብደት በረዶውን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል።

ማሽኑን በበጋ ልማድ መያዝ

የኳድ ጎማ ንፋሱ ትንሽ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ 5 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሞሉት ጎማ ከዜሮ በታች 20 ላይ ወደ 2 ገደማ ይወርዳል። ንፋሱን ውጭ ሆነው፣ ኳዱ ከበረደ በኋላ ይለኩት። ኳዱን ውሃ ከነካው ቺንጋው ሊያንሸራትት፣ የነዳጅ መስጫው ገመድና ፍሬኑም ሊረጉ ይችላሉ፤ ከውሃ እንደወጡ ፍሬኑን ደጋግመው ይጫኑት። ሲያቆሙ ጎማው ሥር እንጨት ያስገቡ።

ስለ መስመጥ አለማሰብ

ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 34 ያህል ነው። ይህ ሳይረጥቡ ነው። ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ያስፋፉት ቀላል ስሌት አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽዎን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግርዎ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ ራስዎን እስኪስቱ 1 ሰዓት ያህል። ብዙዎች በመጀመሪያው ደቂቃ ደንግጠው ውሃ ይምጋሉ። ላይፍ ጃኬት ወይም የሚያንሳፍፍ ልብስ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ኮርቻ ሥር ቢቀመጥ ግን ምን ያደርጋል?

ከውሃው ለመውጣት ፊትዎን ወደ መጡበት ያዙሩ፤ ቅድም የተሸከመዎት በረዶ እሱ ነውና። ሁለት ሹል ብረቶች በገመድ አንገትዎ ላይ ይንጠልጠሉ። እነሱን በረዶው ላይ እየሰኩ፣ በእግርዎ እየመቱ በሆድዎ ይንሸራተቱ። ከወጡ በኋላ ወዲያው አይቁሙ፤ እየተንከባለሉ ከቀዳዳው ይራቁ።

ደረቅ ልብስና ክብሪት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ በራስዎ ኳድ ላይ ከተጫነ ከኳዱ ጋር ይሰምጣል። የእርስዎን ከረጢት ጓደኛዎ ይያዝ፣ የእሱን እርስዎ ይያዙ። ስልክዎም ባትሪው በብርድ እንዳይሞት ከውስጥ ኪስዎ አይውጣ።