ደንገጎ ላይ ነዳጅ የሚያጥረው ባለ ሱፐርቻርጀር መኪና፦ የነዳጅ ፓምፕ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ቫልቮላውን (ፊውዙን)፣ ፊልትሮውንና ካንዴላውን አስቀድሞ ላየ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መኪናው ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲያያዘው ግን በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ይጎተታል፣ ይንገጫገጫል፣ እግር ሲነሳለት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሙሉ ጉልበት የሚጠየቀው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ድክመቱ አይታይም፤ ዳገቱ ግን በቆላው ሙቀት የጋለ ቤንዚን የያዘውን ፓምፕ ለብዙ ደቂቃ ያለ እረፍት ያሠራዋል።

ይህን ምልክት እያዩ ነዳጅ እየረገጡ ዳገቱን መጨረስ አይገባም። ሱፐርቻርጀሩ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የሚዞር በመሆኑ ቤንዚን አነሰ ብሎ አየር መግፋቱን አያቆምም፤ አየሩ በዝቶ ነዳጁ ሲያንስ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ቀጥሎም ፒስተን ይቀልጣል።

ብዙ ባለመኪና በዚህ ጊዜ ትልቅ ፓምፕ ለመግዛት ይሮጣል። እኔ ግን አስቀድሜ የኋላ መቀመጫውን አንስቼ ሽቦውን አያለሁ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ ከመጡት አብዛኞቹ ላይ ጥፋቱ የተገኘው በፓምፑ ሳይሆን ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ነው።

ከሐረር የመጣ አንድ ደንበኛ ከኋላው «ኮምፕረሰር» የሚል ጽሑፍ ያለበት መርሴዲስ ነበረው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ፓምፕ ቀይሮ፣ የወጡትን በፌስታል ቋጥሮ ይዟቸው መጣ። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ ስለካ 14.1 ቮልት አገኘሁ፤ ፓምፑ ሶኬት ላይ ግን 12.3 ብቻ ነበር። የቴስተሩን ሽቦ አስረዝሜ ወደ ጋቢና ካስገባሁ በኋላ ባለቤቱ እየነዳ፣ እኔ እያነበብኩ ደንገጎን ስንወጣ ቁጥሩ 10.6 ድረስ ወረደ። መቀመጫው ሥር ያየሁት የተለመደውን ነው፦ አላርም የገጠመ ሰው ሞተር ማጥፊያ ለማስገባት የፓምፑን ሽቦ ቆርጦ፣ እንደ ክር በቀጠነ ሽቦ ቀጥሎ፣ ያለ ስታኞ (ሽቦ የሚበየድበት ቀላጭ ብረት) በጣቱ ጠምዝዞ በናስትሮ (የሽቦ ፕላስተር) ጠቅልሎታል። የናስትሮው ሙጫ በሙቀቱ ቀልጦ ጥቁር ማር መስሏል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ የሽቦው ልባስ ደግሞ ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል። ፓምፑ 8 አምፔር ሲስብ፣ በእንዲህ ያለ ቅጥያ ላይ የሚፈጠር 0.3 ኦም ብቻ 2.4 ቮልት ይበላል። ይህን የሚሠሩት ሰዎች አምስት ደቂቃ ለስታኞ ቢሰጡ ኖሮ ደንበኛው ሦስት ፓምፕ አይገዛም ነበር። ሽቦውን ካደስኩ በኋላ አዲስ ፓምፕ አልገዛንም፤ ከፌስታሉ አንዱን አውጥቼ መልሼ ገጠምኩለት።

በባትሪውና በፓምፑ ሶኬት መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ጭነት ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ በ20 አምፔር ቫልቮላ በኩል ከባትሪ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ስቦ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) መመገብ፣ ማሳውንም (የኔጌቲቭ ሽቦውን) በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር ነው። ሪሌውን የሚያዘው ግን የፋብሪካው የፓምፕ ሽቦ ይሁን። ከቁልፍ በቀጥታ የሚያገናኙ አሉ፤ እንዲህ የተሠራ መኪና ቢጋጭና ቱቦው ቢበጠስ ሞተሩ ጠፍቶም ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ቱቦ ከመፍታት በፊት የፓምፑን ቫልቮላ ነቅሎ ሞተሩን እስኪጠፋ ማስነሣት ግፊቱን ያወርደዋል። ባትሪው ይፈታ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ አይሠራ፤ በምንም ምክንያት ፓምፑ ከቤንዚን ውጭ «እንስማው» ተብሎ እንዳይዞር፤ የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ቤንዚኑ ራሱ ነውና።

ሽቦው ደህና ሆኖ ፓምፑ ካነሰ፣ ምርጫው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው የሊትር ቁጥር አይመራ። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ያለ ግፊት በ13.5 ቮልት ነው። ሱፐርቻርጀር ያለበት ሞተር በሙሉ ጉልበት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ስለዚህ 200 የፈረስ ጉልበት 100 ሊትር፣ ከመጠባበቂያ ጋር 120 ሊትር ይፈልጋል። ይህን መስጠት ያለበት ደግሞ በሥራ ግፊቱ ላይ ነው፦ መነሻው 3 ባር ከሆነና ሱፐርቻርጀሩ 0.5 ባር ከጨመረ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ከአየር ማስገቢያው ጋር በቀጭን ቱቦ በተገናኘ መኪና ላይ ግፊቱ 3.5 ባር ይሆናል። መመለሻ መስመር (ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ) ያለውን መኪና በቀላሉ መፈተን ይቻላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ከቻርጀር ጋር እንደተያያዘ በቀጭኑ ቱቦ በኩል በብስክሌት መንፊያ 0.5 ባር ተሰጥቶ ፓምፑ ሲዞር፣ የሚመለሰው ቤንዚን አንድ ሊትር ጠርሙስ በ30 ሰከንድ ከሞላ 120 ሊትሩ ተገኘ ማለት ነው።

«ትልቁ ይሻላል» ብሎ በሰዓት 255 ሊትር የሚሰጠውን ፓምፕ በትንሽ መኪና ላይ መጫንም ስሕተት ነው። ጠባቡ መመለሻ ቱቦ ትርፉን መልቀቅ ሲያቅተው በዝቅተኛ ዙር ግፊቱ ያለ ልክ ይወጣል፤ ሲመላለስ የሚውለው ቤንዚንም ታንኩ ውስጥ ይግላል፣ በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ደግሞ ይተናል። ታንኩን ከሩብ በታች እያደረጉ የሚነዱ ሰዎች ይህን ያባብሱታል። አንድ ወጣት በተቃራኒው ለካርቡራተር የሚሆነውን ትንሽ ፓምፕ በኢንጀክተር መኪና ላይ አስገጥሞ መጥቶ ነበር፤ ያ ፓምፕ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ስለሆነ ሞተሩ ጨርሶ አልተነሣም።

ከሚያጋጥሙት ሌሎች ምክንያቶች ጥቂቶቹ፦ በጄሪካንና በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ይዞት በሚመጣው ቆሻሻ የፓምፑ ወንፊት ይደፈናል፤ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ሲዘጋ ክዳኑ ሲከፈት አየር እየጮኸ ይገባል። ታንክ ውስጥ ለመጠመቅ ያልተሠራ ተራ ጎማ ቱቦ ደግሞ አብጦ ይሰነጠቅና ግፊቱን እዚያው ታንኩ ውስጥ ያፈሰዋል፤ ከውጭ አንዲት ጠብታ ስለማይታይ ፓምፑን ከነመያዣው አውጥቶ ቱቦውን በእጅ አጥፎ ማየት ያስፈልጋል።